ሸርጣኑ ጎሬውን ለምን አጣመመ?



ሸርጣንን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከኮከብ ቆጠራ ነው። አውደ ነገሥት የገለጠ ሰው ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ ብሎ አራተኛው ላይ ያገኘዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ያወቅኩት ወንዝ ዳር ነው። እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ እኛ ልጆቹ ከፍ ብለን፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ ድንጋይ እንገለብጥ ነበር። ድንጋዩ ሲነሣ ውኃው ለአፍታ ይደፈርሳል። ታግሠን እስኪጠራ ከጠበቅን፣ ከድንጋዩ ሥር በነበረችው ጉድጓድ ውስጥ ከመዳፍ የማይበልጥ ቡናማ ነገር ሁለት መቆንጠጫዎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀናል። ዓይኖቹ በአጫጭር ዘንጎች ላይ ተተክለዋል። ሲሮጥ በጎኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ስለ ውኃ ሳጠናና ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ሸርጣን ባየሁ ቁጥር ያ ድንጋይ ይታወሰኛል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ፍጥረት ስለ ውኃ ብክለት ምን ሊመሰክር እንደሚችል ነው።

ውኃ መበከሉን በምን እናውቃለን? የተለመደው መንገድ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ቤተ ሙከራ መውሰድ ነው። አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ነገር ግን ጠርሙሱ የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን የሚለቀው ሌሊት ከሆነ፣ ባለሙያው ደግሞ ረፋድ ላይ ከደረሰ፣ ክፉው ውኃ አልፎ ሄዷል። ወረቀቱም ችግር የለም ብሎ ይወጣል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ አይመስለኝም፤ መልኩ ጠርቶ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ወረቀቱም መልካም ሆኖ ሰውን ዓመት ከዓመት የሚጎዳ ውኃ አለ። ስለዚህ ቀኑንም ሌሊቱንም፣ ክረምቱንም በጋውንም ከቦታው ያልተለየ ምስክር ያስፈልገናል።

እንዲህ ያለው ምስክር በሰፊው የተጠናው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ነው። የወንዝ አፍ እንበለው። ጨው አልባው የወንዝ ውኃና ጨዋማው ባሕር እዚያ ይቀላቀላሉ፤ ባሕሩ ሲሞላ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሲጎድል ደግሞ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ትቶ ይሸሻል። ወንዙ ከላይ ጠርጎ ያመጣው ደቃቅ አፈር ጨው ሲያገኘው እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። በዚያ ደለል ላይ የተጣበቀው ሁሉ አብሮ ይወርዳል፤ ከፋብሪካ የወጣው ብረት፣ ከመንገድ የታጠበው ዘይት፣ ከእርሻ የመጣው መድኃኒት። ወንዙ በመንገዱ ሁሉ የለቀመውን እዚህ ያራግፋል። ስሙን አፍ ብንለውም ሥራው የሆድ ነው።

ሸርጣን የሚኖረው በዚህ ሆድ ውስጥ ነው። ጭቃውን ይቆፍራል፣ ከጭቃው ይበላል፣ ከጭቃው የሚወጣውን ትልና ቀንድ አውጣ ያድናል፣ በጭቃው ውስጥ ያለፈውን ውኃ ይተነፍሳል። ዓሣ ውኃው ሲከፋበት ዋኝቶ ይሄዳል። በሌላ በኩል የባሕር ዛጎሎች አሉ፤ እነርሱ ከድንጋያቸው ስለማይነቃነቁ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የባሕርን ብክለት ለመከታተል በብዙ አገሮች ሲያገለግሉ ኖረዋል። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛጎል ታማኝ መዝጋቢ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ይናገራል። ሸርጣን ግን ሌላም ነገር አለው። ጠባይ አለው። ቤት ይሠራል፣ ይሸሻል፣ ይጣላል፣ ሴት ይጠራል። መርዝ ሕይወትን ሳይገድል እንዴት እንደሚያጎድል ማየት የፈለገ ሰው ሸርጣን ዘንድ ይሂድ እላለሁ።

ይህን የምልበት ምክንያት አንድ ታሪክ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ፣ ዋይልድ ሃርበር የሚባል ጨዋማ ረግረግ ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1969 ፍሎሪዳ የምትባል ነዳጅ ጫኝ ጀልባ በዌስት ፋልማውዝ አቅራቢያ ዓለት ላይ ወጥታ ተቀደደች። 700,000 ሊትር ገደማ ናፍጣ መሰል ነዳጅ ፈሰሰ። ነፋሱና የባሕሩ ሙላት እየገፉ ረግረጉ ውስጥ አስገቡት። ዓሣው፣ ትሉ፣ ሸርጣኑ ሞቶ ዳርቻው ላይ ተከመረ። በዓለም ላይ ከደረሱት የነዳጅ አደጋዎች ጋር ሲተያይ ይህ ትንሽ ነው። ልዩ ያደረገው ጎረቤቱ ነው። የዉድስ ሆል የባሕር ጥናት ተቋም ያለው እዚያው አካባቢ ነው፤ አጥኚዎቹ ማክስ ብሉመርና ሃዋርድ ሳንደርስ አደጋው በደረሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጭቃው ላይ ነበሩ። በዚያን ዘመን የፈሰሰ ነዳጅ በአጭር ጊዜ ይተናል፣ ይበተናል፣ ይጠፋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች አለመጥፋቱን አሳዩ።

በዚያ ረግረግ የሚኖረው ሸርጣን አነስተኛ ነው። የወንዱ አንዱ መቆንጠጫ ከሌላኛው እጅግ ይገዝፋል፤ ትልቁን ደረቱ ላይ ይዞ ትንሹን ወደ አፉ ሲያመላልስ ቫዮሊን የሚመታ ይመስላል፤ እንግሊዞች በዚሁ ፊድለር ብለውታል። እኛ ሰይመነው ቢሆን ኖሮ ባለ ማሲንቆው እንለው ነበር፤ ለዛሬው ምሽት እንዲሁ ልጥራው። ባለ ማሲንቆው ባሕሩ ሲጎድል ወጥቶ ጭቃውን በትንሽ በትንሹ እያነሣ ወደ አፉ ይወስዳል፣ የሚበላውን ለይቶ የቀረውን እንደ ድቡልቡል ዶቃ አድርጎ ይተፋል። አደጋ ሲያይ ወደ ጎሬው ይገባል። ባሕሩ ሲሞላ መጠጊያው ጎሬው ነው። የበረዶው ወራት ሲመጣም ቅዝቃዜው ከማይደርስበት ጥልቀት ወርዶ የሚተኛው እዚያው ነው። እንግዲህ ለባለ ማሲንቆው የጎሬው ጥልቀት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቻርልስ ክሬብስና ካትሪን በርንስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአደጋው በኋላ እነዚህን ሸርጣኖች ለሰባት ዓመት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱን በ1977 አሳተሙ። ነዳጅ ባለበት ጭቃ ሸርጣኖቹ ቁጥራቸው ቀንሷል፣ ከወንዱ ይልቅ ሴቷ አንሳለች፣ አዳዲስ ልጆች መጥተው የሚሰፍሩት ጥቂት ነው፣ ከበረዶው ወራት በሕይወት የሚወጣውም ጥቂት ነው። አረማመዳቸው ተበላሽቷል። የጎሬያቸው አሠራርም እንደ ሌሎቹ አልሆነም። ነዳጁ በሰውነታቸው ውስጥ ተገኝቷል።

ሰባት ዓመት ረጅም ነው ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ ግን አላበቃም። ክሪስ ሬዲና ባልደረቦቹ ከዚያው ረግረግ የጭቃ ዓምድ መዝዘው አወጡና መረመሩት፤ ውጤቱን በ2002 አሳተሙ። ላይ ላዩ ንጹሕ ነው። ከገጹ 6 ሳንቲ ሜትር ወርዶ እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ባለው ጭቃ ውስጥ ግን የ1969ኙ ነዳጅ አለ። ሣሩ በላዩ ለምልሟል፣ ወፉ ተመልሷል፣ መንገደኛ ቢያልፍ ያማረ ቦታ ብሎ ያልፋል።

ከዚያ ጄኒፈር ከልበርትሰን የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ወደዚህ ረግረግ መጣች። የሠሩት ሥራ ቀላልነቱ ያስደንቀኛል። ባሕሩ ሲጎድል የሸርጣኖቹን ጎሬዎች እየፈለጉ፣ የቤት ግድግዳ በምንለስንበት ዓይነት ጀሶ ሞሏቸው። ጀሶው ጠጥሮ ሲደርቅ ዙሪያውን ቆፍረው አወጡት። የጎሬው ባዶነት እንደ ሐውልት በእጅ ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ ነዳጅ ካልደረሰበት፣ ሲፒዊሴት ከሚባል ጎረቤት ረግረግ ካወጡት ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት። የንጹሑ ረግረግ ጎሬ ወደ ታች ጥልቅ ብሎ ወርዷል። የዋይልድ ሃርበሩ ጎሬ ጥቂት ወርዶ ይቆማል፤ ወይም ወደ ጎን ይጣመማል። ሸርጣኑ ነዳጁ ያለበት ንጣፍ ጋ ሲደርስ አልገባም ብሏል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። ጥናቱ የታተመው በ2007 ነው፤ ነዳጁ የፈሰሰው ከ38 ዓመት በፊት ነበር። ያ ሸርጣን አደጋውን አላየም፤ አያቱም ቅድመ አያቱም አላዩትም። እኛ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንላለን፤ ይህ ጎርጓሪ ግን ዘንዶው የተኛበትን አውቆ ዞሮበታል። ጎሬው ብቻም አይደለም። ሲያስደነግጧቸው ለማምለጥ ይዘገዩ ነበር፤ የሚበሉትም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ቁጥራቸውም ገና አላገገመም። በዚያ ዘመን ከረግረጉ በላይ የሚፈሰውን ውኃ በጠርሙስ የቀዳ ሰው ይህን ሁሉ አያገኝም ነበር። የጎሬው ጠማማነት ነው የተናገረው።

የሚቀጥለው ምስክርነት ከጉበቱ ነው።

ሸርጣን ከጀርባ ቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ቢጫ የሆነ ለስላሳ ነገር አለው፤ የጉበትንም የቆሽትንም ያህል ሥራ ይሠራል፤ ጉበት እንበለው። ምግብ ይፈጫል፣ ስብ ያከማቻል፣ የመጣውን መርዝ ይይዛል። በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ግዛት፣ ኒውዋርክ ከተማ፣ በፓሴይክ ወንዝ ዳር ዳይመንድ አልካላይ የሚባል ፋብሪካ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ደን ለማራገፍ ይረጭ የነበረው ኤጀንት ኦሬንጅ ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከዚህ ሥራ ዳይኦክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ እንደ አተላ ይወጣል። በ1983 መርዙ በፋብሪካው ግቢና በአካባቢው መኖሩ ታወቀ። በወንዙና ወንዙ በሚፈስበት በኒውዋርክ ባሕረ ሰላጤ ያለው ሰማያዊ ሸርጣንም መርዙን ተሸክሞ ተገኘ፤ ከሥጋው ይልቅ ጉበቱ እጅግ አብልጦ። ግዛቱ ሸርጣኑን ማጥመድም መብላትም ከለከለ፤ በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በወንዙ ዳር ተተከለ። ፋብሪካው ሥራ ካቆመ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ክልከላው ግን ቀጥሏል።

በብዙ ቋንቋ መጻፉ ለምን አስፈለገ ብንል፣ ከወንዝ የሚያጠምደው ብዙ ጊዜ ስደተኛና ድኻ ስለሆነ ነው። ከእኛ ብዙው ሰው ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት በኦሪት ሕግ የተከለከለ ነው ብሎ ሸርጣን አይበላም። ይሁን እንጂ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሸርጣን ደግሞ የዚያ አገር የበጋ ድግስ ነው፤ እዚያ ያደጉ ልጆቻችን ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው ሰብረው ይበሉታል። ለእነርሱ አንድ ምክር አለኝ። ቅርፊቱን ስትከፍቱ የምታገኙትን ያን አረንጓዴ ቢጫ ነገር አትብሉ፤ ጥላችሁ አጽዱት። የተቀቀለበትን ውኃ ለመረቅ አታውሉት። ራሳችሁ የምታጠምዱ ከሆነም የአካባቢው የጤና ቢሮ ስለዚያ ውኃ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አስቀድማችሁ አንብቡ።

እስካሁን የሸርጣንን ምስክርነት ሳመሰግን ቆየሁ። ምስክር ግን ሲጠየቅ በደንብ ካልተጠየቀ ያሳስታል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጥናቶች የሚሰናከሉበትን ቦታ ስለማውቅ ላሳያችሁ።

የሸርጣን ደም ሰማያዊ ነው። የእኛ ደም አየርን የሚሸከመው በብረት ነው፤ የእርሱ በመዳብ። ስለዚህ አንድ ሰው ሸርጣን ውስጥ መዳብ አገኘሁ ብሎ ቢጮህ ምንም አላለም፤ መዳብ ከሌለው ሸርጣኑ ራሱ የለም። እንዲያውም ሸርጣን መዳብንና ዚንክን በሰውነቱ ውስጥ ይመጥናል፤ ውኃው ውስጥ ቢበዛም የተረፈውን ያስወጣል። እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ንጹሕ ቦታ ያለውና የተበከለ ቦታ ያለው ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ካድሚየም ግን ሌላ ነው። ለሸርጣን አይጠቅመውም፤ በደንብ ሊያስወጣውም አይችልም፤ ስለዚህ ይጠራቀማል። የውኃው ጨው ሲቀንስ ደግሞ ካድሚየሙ በቀላሉ ይገባል። እንግዲህ ከወንዝ አፍ ሸርጣን ሰብስቦ የሚለካ ሰው የቱን ብረት፣ ከየትኛው ብልት፣ በምን ያህል ጨው፣ ቅርፊቱን ከቀየረ ስንት ጊዜው እንደሆነ ካልጻፈ፣ ሠንጠረዡ ቢያምርም አልቀበለውም።

በእንግሊዝ ኮርንዎል ሬስትሮንገት የምትባል ትንሽ የወንዝ አፍ አለች። በላይዋ ለዘመናት መዳብና ቆርቆሮ ሲቆፈር ኖሯል፤ የማዕድኑ እጣቢ ጭቃዋን ሞልቶታል። ዊል ጄን የሚባለው ትልቅ የማዕድን ጉድጓድ በ1991 ተዘጋ፤ ውኃ የሚስበው ፓምፕ ቆመ፤ በጃንዋሪ 1992 የሞላው አሲዳማ ውኃ ገንፍሎ ወንዙን እስከ ባሕሩ ድረስ ብርቱካናማ አደረገው። ከዚያ በፊት በ1983 ብራያንና ጊብስ የተባሉ ባለሙያዎች ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቶ ነበር። በዚያ ጭቃ ሸርጣን ይኖራል። ከሌላ ንጹሕ ቦታ የመጣ ሸርጣን የማይችለውን መዳብና ዚንክ የሬስትሮንገቱ ይችላል። ለምዶታል። ሸርጣን አለና ውኃው ደህና ነው ያለ ሰው እዚያ ይሳሳታል።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው ሞምባሳ የታየው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ሚኪንዳኒ በሚባለው ቦታ የከተማው የቤት ፍሳሽ ወደ ማንግሮቭ ደን ይገባል፤ ማንግሮቭ በጨው ውኃ ውስጥ ሥሩን ዘርግቶ የሚበቅል ዛፍ ነው። ስቴፋኖ ካኒቺ የሚባል የጣሊያን ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኬንያና በሞዛምቢክ ከከተማ አጠገብ ያሉትንና ከከተማ የራቁትን ደኖች አነጻጸሩ። ፍሳሽ ባለበት የሸርጣኑ ብዛት ቀንሶ ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ጨምሮ ተገኘ። ፍሳሹ ምግብ ሆኗቸዋል። የቀነሰው አንድ ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው። በኋላ በተደረገ ጥናት ደግሞ፣ በበለጸገው ጭቃ ላይ ያሉት ባለ ማሲንቆዎች ለመጥገብ ብዙ ጭቃ ማንሣት ስለማያስፈልጋቸው ሥራቸውን ቀንሰው ታዩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ጭቃውን እየገለበጠ አየር የሚያስገባለት ይህ ሥራ ነው፤ ገበሬው መሬቱን ማረስ ቢተው ማለት ነው። ብዛታቸውን ብቻ የቆጠረ ሰው ደኑ ጤነኛ ነው ብሎ ይፈርድ ነበር።

ስለ ሸርጣኖች ልብም ጥቂት ልበል። ማይክል ዴፕሌጅ የሚባል ተመራማሪ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ በሸርጣን ጀርባ ላይ በማጣበቅ፣ ሳይቀድዱትና ሳያደሙት፣ የልቡን ምት ለቀናት መከታተል የሚቻልበትን ዘዴ ከባልደረባው ጋር በ1990 አሳተመ። ሐኪም በጣት ጫፍ ላይ የሚያስረውን መቆንጠጫ አስቡት፤ ዘመዱ ነው። መርዝ ያገኘው ሸርጣን ቆሞ እያያችሁት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ልቡ ግን አመታቱን ይለውጣል። በ2014 ደግሞ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሸርጣን ደቃቅ ፕላስቲክን በምግቡ ብቻ ሳይሆን በሚተነፍስበት ብልት እንደሚስብ አሳዩ፤ ፕላስቲኩ እዚያ ተሰክቶ ለሳምንታት ይቆያል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ።

ይህን ርዕስ ሳነሣ «እኛ ባሕር የለን፣ የወንዝ አፍ የለን፣ ምን አገባን?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ሁለት መልስ ሰጥቼዋለሁ። አንደኛው፣ አባይ አፍ አለው። በሮዜታና በዳሚየታ ወደ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ የዚያ ዴልታ አፈር በአብዛኛው ከእኛ ደጋ የተጠረገ ነው። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ይቆረቁረኛል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን ክሮሚየም ጭምር ይዘው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ። የሌሎች አገር ወንዞች የተሸከሙትን ባሕር ይቀበላቸዋል፤ ሰፊ ነውና ያሳንሰዋል። አዋሽ የተሸከመው ግን ከአገር አይወጣም፤ ውኃው ይተናል፣ ብረቱ ይቀራል። በመንገዱ ላይ ደግሞ በአቃቂ ውኃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ አለ፤ ገበያ ወጥቶ ማዕዳችን ላይ ይቀርባል።

ሸርጣን ደግሞ አለን። ፖታሞናውቴስ የተባለው የአፍሪካ ወንዝ ሸርጣን ወገን በደጋና በወይና ደጋ ጅረቶቻችን ይኖራል። የጤና ባለሙያዎች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ኦንኮሰርካ የሚባለውን በሽታ ከሚያስተላልፉት ጥቁር ዝንቦች አንዷ በእጭነቷ የምታድገው በሸርጣን ገላ ላይ ተጣብቃ ስለሆነ፣ ዝንቧን የሚፈልግ ሰው ሸርጣን ይይዛል። ከባሕሩ ዘመዶቹ የሚለይበት አንድ ነገርም አለ፤ ለእኛ ጉዳይ እጅግ የሚጠቅም ነው። የባሕሩ ሸርጣን ልጆች እጭ ሆነው በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ማዕበሉ ወዳሻው ይወስዳቸዋል፤ ስለዚህ አንድ የተበከለ ረግረግ ከሌላ ቦታ በመጡ ልጆች ሊሞላ ይችላል። የእኛ የወንዝ ሸርጣን ግን በእንቁላሉ ውስጥ በእናቱ ሆድ ሥር ቆይቶ፣ ትንሽ ሸርጣን ሆኖ ነው የሚፈለፈለው። በዚያው ጅረት ይወለዳል፣ በዚያው ያድጋል። ከድንጋይ ሥር ጥፍር የምታህል ሸርጣን ካገኛችሁ፣ ያ ውኃ በዚህ ዓመት ልጅ አሳድጓል ማለት ነው። ትልልቆቹ ብቻ ኖረው ትንንሾቹ ከጠፉ ደግሞ፣ መጨረሻውን እያያችሁ ነው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ወንዝ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ከከተማው በላይ አንድ ቦታ፣ ከከተማው በታች አንድ ቦታ ይምረጥ። በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ከጠራ በኋላ፣ በአንድ ወር፣ በሁለቱም ቦታ እኩል ቁጥር ያለው ድንጋይ ይነሣ። ስንት ሸርጣን እንደተገኘ፣ ስንቱ ትንሽ፣ ስንቱ ትልቅ እንደሆነ ይጻፍ። ሸርጣኑን ከኋላ፣ ከጀርባው በሁለት ጣት ይዛችሁ ብትገለብጡት በሆዱ ላይ የታጠፈ ክዳን ታያላችሁ፤ ጠባብ ከሆነ ወንድ ነው፣ ሰፊ ከሆነ ሴት። ከሰፊው ክዳን ሥር እንቁላል ወይም ልጆች ካሉ እርሱም ይጻፍ። ሸርጣን ሲጠፋ ወዲያው ፋብሪካ አትክሰሱ፤ ጎርፍ ይጠርገዋል፣ ድርቅ ይፈጀዋል፣ ድንጋዩ ለግንባታ ሲነሣም ቤት ያጣል። ለዚህ ነው ላይኛውንና ታችኛውን ማስተያየት፣ ዓመታትንም ማስተያየት የሚያስፈልገው። ልዩነቱ ሲደጋገም ግን መዝገቡን ይዛችሁ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሂዱ፣ ጠርሙሱን ይዞ እንዲመጣ ጠይቁ። ያን ጊዜ ባለሙያው የት ቦታ፣ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

አስተማሪዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ደብተርና በዓመት አንድ ጠዋት ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ወንዝ ውረዱ፤ ውኃው እስኪጠራ እንዲታገሡ አስተምሯቸው። ውኃው ፍሳሽ ከነካው በባዶ እግርና በባዶ እጅ አይግቡበት። አይተው፣ ቆጥረው፣ ጽፈው ሲጨርሱ ሸርጣኑን እዚያው ይልቀቁት፤ ድንጋዩንም ቀስ አድርገው፣ እንደ ነበረ፣ ወደ ቦታው ይመልሱት። ቤቱ ነው።